እናትም እንድትሰግድ፦ የሰሙነ ሕማማት ምግብ አዘገጃጀት

ሆሳዕና በደረሰ ቁጥር የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለሕማማት ምን እንሥራ?» የሚጠይቁኝ አዲስ ጎጆ የወጡ ባልና ሚስት፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልካቸውን ጾመው ምግቡን ግን ሌላ ሰው ሲያቀርብላቸው የኖሩ አባወራዎች ናቸው። መልሱ ለአፍ ይቀላል፤ ንፍሮ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ሐሙስ ደግሞ ጉልባን ነው። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ የዋለን ሰው ሆድ የሚያውከው ይኸው «ቀላል ነው» ተብሎ የተናቀ ምግብ ነው። ባቄላው ጥሬ ይሆናል፣ ገብሱ ያርራል፣ ንፍሮው አድሮ ይሙለጨለጫል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሥራው ሳይታሰብበት ሲቀር ሸክሙ በአንድ ሰው ላይ መውደቁ ነው። ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ውሎ ሲመጣ እናት ወይም ታላቅ እህት ጭስ ውስጥ ቆማ ባቄላ ስታበስል ትገኛለች። ሳምንቱ ለእሷም ነው። ስለዚህ እዚህ የማቀርበው አካሄድ አብዛኛው ሥራ ከሆሳዕና በፊት እንዲያልቅ፣ ከሆሳዕና ማታ ጀምሮ ያለው የመቀቀያ እሳት ደግሞ በሦስት ማታ ብቻ እንዲወሰን የታሰበ ነው። መጠኑ ስድስት ሰው ላለበት ቤት ነው፤ የእናንተ ሰው ሲያንስ ቀንሱ፣ ሲበዛ ጨምሩ።

1. አስቀድማችሁ ተነጋገሩ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ቢሆንም የመጨረሻው ሳምንት አበላል ከቀደሙት ይለያል፤ ከቤት ቤትም ይለያያል። ዘይት ብቻ የሚተው አለ። በርበሬና ወጥ ጨርሶ የማይቀምስም አለ። አንዱ እስከ 9 ሰዓት ሲጾም ሌላው እስከ 11 ሰዓት ወይም ፀሐይ እስክትጠልቅ ይቆያል። አክፍሎት የሚያከፍል ሰው ካለ ከሐሙስ ወይም ከዓርብ ማታ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህልም ውሃም በአፉ አይዞርም። ይህን ሳታውቁ እህል ብትገዙ ወይ ይተርፋል ወይ ያጥራል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ማታ ቁጭ ብላችሁ ማን እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾም፣ ማን ምን እንደሚተው ተጠያየቁ።

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ የስኳር ሕመምተኛ ወይም መድኃኒት ሰዓት ጠብቆ የሚወስድ ሰው ካለ ንግግሩ ከንስሐ አባትና ከሐኪም ጋርም ይሁን። ሰኞ ጠዋት ሳይሆን አሁን ይጠየቅ። ራስን ስቶ እስከ መውደቅ መድረስ ከጾም አይቆጠርም፤ አባቶችም ይህን ይነግሯችኋል።

2. እህሉን ግዙ፣ ልቀሙ

የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው፦ ስንዴ 2 ኪሎ (ግማሹ ለንፍሮ፣ ግማሹ ተፈትጎ ለጉልባን)፣ ባቄላ ግማሽ ኪሎ፣ የባቄላ ክክ 1 ኪሎ፣ ሽምብራ ግማሽ ኪሎ፣ ለቆሎና ለበሶ ገብስ 5 ኪሎ፣ ለትንሣኤ ሌሊት ደግሞ ተልባ ግማሽ ኪሎ። ስልጆ ከፈለጋችሁ የባቄላ ዱቄትና ሱፍ ግማሽ ግማሽ ኪሎ፣ ጥቂት ስናፍጭም ያዙ። ገብሱና ባቄላው ከስናንና ከቢቡኝ፣ በአጠቃላይ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ከሆነው ደጋ ሲመጣ ፍሬው ሙሉ ነው፤ ሽምብራ ደግሞ ከቢቸናና ከደጀን ጥቁር መሬት የሚወጣውን የሚያህል የለም። ባቄላ ስትገዙ አንዷን ፍሬ በጥርሳችሁ ስበሩ። ከርሞ ቡናማ የሆነው ባቄላ ቢዘፈዘፍም ቢቀቀልም እንደ ጠጠር ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ያህል የሚያስለቅስ ነገር የለም።

ለቀማውን ልጆች ሰፌድ ይዘው በቀን ብርሃን ይሥሩት። የሚወጣው ጠጠር ብቻ አይደለም፤ ስንዴና ገብስ ውስጥ የሚገባ እንክርዳድ ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል። ባዶ ሆድ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሮዝ ወይም ቀይ ቀለም የተቀባ እህል ካያችሁ መድኃኒት የተለወሰ የዘር እህል ነውና ለዶሮ እንኳ አትስጡ። የነቀዝ ኪኒን የተደረገበት እህል ከሆነ ደጅ ላይ አስጥታችሁ ለጥቂት ቀናት አናፍሱት።

አንድ ነገር ላይ ቆም ልበል፤ እሱም ጓያ ነው። ከባቄላና ከሽምብራ ስለሚረክስ፣ በጥቁር መሬት አካባቢም እንደ ልብ ስለሚገኝ ለንፍሮና ለቆሎ የሚገዛው ሰው ብዙ ነው። ጓያ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፤ የተያዘ እግር ደግሞ አይመለስም። ረጅም ጾም ላይ ሌላ እህል በሌለበት ጓያ ብቻ እየቀቀሉ መብላት ለዚህ የተጋለጠ አበላል ነው። «የሚጎዳው እንፋሎቱ ነው» የሚል አነጋገር በየመንደሩ ትሰማላችሁ፤ በዚህ ምክንያት ሰው ከእንፋሎቱ እየሸሸ ፍሬውን ይበላል። መርዙ ያለው ፍሬው ውስጥ ነው። ውሃ ላይ ስለሚሟሟ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ብዙ ውሃ ላይ ቀቅሎ ያንንም መድፋት ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። የእኔ ምክር አጭር ነው፤ የሕማማት ንፍሮአችሁ ውስጥ ጓያ አይግባ። ገንዘቡ ካልበቃ ባቄላውን ቀንሱና ስንዴውን አብዙ።

3. ስልጆ የሚሠራ ቤት አሁን ይጀምር

ሱፍ ቅባት አለው ብሎ በሕማማት ስልጆ የማይቀምስ ቤት አለ። እናንተም እንዲያ ከሆናችሁ ይህን እለፉት። የሚበላ ግን ከሆሳዕና አንድ ሳምንት ቀድሞ ይጀምር፤ በደጋው ብርድ ለመብሰል ከ4 እስከ 6 ቀን ይፈጅበታል።

ሱፉን ለብ አድርጋችሁ ቆልታችሁ ውቀጡት፤ ለብ ባለ ውሃ አሽታችሁ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። በዚያ ነጭ ውሃ የባቄላውን ዱቄት እያማሰላችሁ እንደ ቀጭን ገንፎ አብስሉና አውርዱ። ከዚያ ጠብቁ። ድስቱን በእጅ ስትነኩት ቀዝቃዛ እስኪሆን ድረስ ምንም አትጨምሩበት። ስናፍጩን በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ፈጭታችሁ የምትለውሱት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የስናፍጭ ማቃጠል የሚወለደው በቀዝቃዛ ውሃ ሲላቆጥ ነው፤ ትኩስ ላይ ከገባ ኃይሉ ይሞታል፣ ስልጆውም ሳይኮመጥጥ ይበላሻል። ብዙ ሰው «የዘንድሮ ስናፍጭ አያቃጥልም» ሲል ጥፋቱ የስናፍጩ ሳይሆን የችኮላው ነው። ጨውና አንድ ዘለላ ጤና አዳም ጨምራችሁ በደንብ በታጠበና በደረቀ ማሰሮ ክደኑት። በየቀኑ በደረቅ ማንኪያ አንድ ጊዜ አማስሉ።

4. ገብሱን ፈትጉ፣ ቁሉ፣ አስፈጩ

ይህ ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት የሚያልቅ ትልቁ ሥራ ነው። የሳምንቱ መተማመኛም እሱ ነው፤ በሶ ያለበት ቤት እሳት ባይነድም ጾሙን አያድርም።

ገብሱን ውሃ ነስንሳችሁ ጥቂት አቆዩትና በሙቀጫ ፈትጉ። ውሃው ገለባውን ያላቅቀዋል፤ ሲበዛ ግን ፍሬው ራሱ ይሰባበራል። ፍሬውን እጃችሁ ላይ ስታሹት ርጥበቱ እየተሰማችሁ መዳፋችሁን ካላራሰው ልኩ ነው። ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ አብጥሩት። ገለባ የቀረበት በሶ ጉሮሮ ይቧጭራል፤ ውሃ ለማይጠጣበት ሰዓት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አቆላሉ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ምጣዱን መሙላት ነው። የምጣዱ ወለል በስሱ እስኪሸፈን ብቻ አድርጉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የታችኛው ሲያርር የላይኛው ጥሬውን ይቀራል። እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ ማማሰያው አይቁም። ገብሱ መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ጠብ ጠብ እያለ ይፈነዳል፤ ሽታው ከእህልነት ወደ ዳቦነት ሲለወጥ፣ አንዷን ፍሬ ስትሰብሩ ውስጧ ነጣ ያለ ወርቃማ ከሆነ አውርዱት። ምጣዱ ከወረደ በኋላም ሙቀቱ መቁላቱን ስለሚቀጥል ቶሎ ወደ ሰፌድ ገልብጡት።

ከ5 ኪሎው 2ቱን ለቆሎ አስቀሩና 3ቱን አስፈጩ። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከእናንተ በፊት በርበሬ አለመፈጨቱን ጠይቁ፤ ከተፈጨ ጥቂት እህል አስቀድማችሁ አሳልፉበት። ዱቄቱ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ እቃ ውስጥ አትክደኑ፤ ላብ ያወጣና ይሻግታል።

ስትበሉት በሶውን በጨው ውሃ ጥቂት በጥቂት እየነሰነሳችሁ ማሹ። ውሃ አንዴ ከበዛ መመለሻ የለውምና ዱቄቱ በጡጫ ስትጨብጡት ተያይዞ ሲቆም እጃችሁን አንሡ። ለመጠጥ ሲሆን ለአንድ ብርጭቆ ውሃ 3 የሾርባ ማንኪያ በሶና ቁንጥር ጨው ይበቃል። ቀን ሲሰግድ በላብ ጨውና ውሃ ላጣ ሰው ይህ ብጥብጥ ከማንኛውም ንፍሮ በፊት ይቀድማል።

5. ንፍሮውን ዘፍዝፉ

ሳምንቱን እንዲህ አድርጉት፦ ሰኞና ረቡዕ ንፍሮ፣ ማክሰኞ ቆሎና በሶ፣ ሐሙስ ጉልባን፣ ዓርብ በሶ። እንጀራ ወይም ዘይት ያልነካው ዳቦ ከጎን ይኑር፤ ዳቦው ቅዳሜ ሊጋገር ይችላል። በዚህ አካሄድ የንፍሮ እሳት የሚነደው እሑድና ማክሰኞ ማታ፣ የጉልባኑ ደግሞ ረቡዕ ማታ ብቻ ነው።

ለአንድ ጊዜ ንፍሮ ግማሽ ኪሎ ስንዴና ከባቄላውም ከሽምብራውም ሩብ ሩብ ኪሎ ይበቃል። ስንዴና ጥራጥሬ አብሮ መቀቀል የጣዕም ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ሥጋና ወተት በሌለበት ወቅት አንዱ የሚጎድለውን አካል የሚገነባ ምግብ ሌላው ይሞላዋል። ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣታችሁ በፊት ሦስቱንም ለየብቻ፣ ከእህሉ ሦስት እጥፍ በሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉ። ማታ ስትመለሱ 10 ሰዓት ያህል ሆኖታል፤ ለባቄላም ለሽምብራም በቂ ነው። ሙቅ ውሃ መጠቀም ሥራ ያፋጠነ ይመስላል እንጂ እቤት በማትውሉበት ቀን ያኮመጥጠዋል። የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉ፤ የሆድ መነፋት አንዱ መንስኤ እሱ ነው።

ሳይዘፈዘፍ መቀቀል ለምን እንደማይሆን በአንድ ሕማማት ተምሬዋለሁ። ተረስቶ ስለቀረ «እሳት አበዛበታለሁ» ብዬ ማታ 1 ሰዓት የጣድኩት ባቄላ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይም ልቡ አልራሰም ነበር። በማግስቱ የበሉት ሁሉ ቁርጠት ይዟቸው ዋሉ። የዚያን ዕለት የደከምኩት ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባሕር ጠረፍ ያለ ከተማ ላይ 100 ነው። ወደ ጮቄ ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር ደግሞ ከዚያም እየቀነሰ ይሄዳል። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እንጨት መጨመር ውሃውን ቶሎ ያተንነዋል እንጂ ሙቀቱን አይጨምረውም። ቆላ ያለ ዘመድ የነገራችሁን ሰዓት ይዛችሁ እዚህ አትቀቅሉ።

6. ቀቅሉ፣ አጠንፍፉ፣ አናፍሱ

ባቄላውንና ሽምብራውን አስቀድማችሁ ጣዱ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ስንዴውን ጨምሩ። ከመጀመሪያው አብሮ ከገባ ስንዴው ፈንድቶ ይሙለጨለጫል፣ ባቄላው ግን ገና ነው። ድስቱ ይከደን፣ ውሃው እህሉን በሁለት ጣት ያህል ይለፈው። ሲጎድል የምትጨምሩት ውሃ የፈላ ይሁን። በጥቅሉ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በግፊት የሚያበስል ድስት ያለው ሰው የከፍታውን ችግር አሸንፏል፤ የተዘፈዘፈ ባቄላ በግማሽ ሰዓት ይደርስለታል።

መድረሱን በሰዓት አትፍረዱ። እናቴ ከድስቱ አንድ ባቄላ በጭልፋ ታወጣና በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ትይዘዋለች። ትጫነዋለች። ልጣጩ ሸርተት ብሎ ፍሬው እንደ ድንች ከፈረሰ ደርሷል፤ ለሁለት ተሰንጥቆ ከቆመ ገና ነው። ከዚያ ሌላ፣ ከድስቱ ጥግ፣ ደግሞ ሌላ፣ ከመሃል ትይዛለች። አንድ ፍሬ ለሁሉም አይመሰክርም።

ጨው የሚገባው በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ነው፤ ለአንድ ኪሎ ደረቅ እህል አንድ የሾርባ ማንኪያ። ቀድሞ ከገባ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ጨዋማነቱ እየከረረ ይመጣል፣ ምላስ የሚያስረግም ንፍሮም ይሆናል። የበላው ሰው ደግሞ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ውሃ አይጠጣም።

 ጉድለትን የሚሸፍን ቁሌት የለምና የንፍሮ ጣዕም የሚመጣው ከእህሉ ጥራትና ከመብሰሉ ልክ ብቻ ነው።

ከደረሰ በኋላ ውሃውን አጠንፍፉና ሰፊ ሰፌድ ላይ በስሱ በትኑት። ድስት ውስጥ ተከድኖ ያደረ ንፍሮ ጠዋት ሲነኩት ክር ይስባል፤ ያ ለከብት ካልሆነ ለሰው አይሆንም። ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ነፋሻ ቦታ አሳድሩት። በማግስቱ ከመብላታችሁ በፊት በጋለ ምጣድ ላይ ለ5 ደቂቃ አምሱት፤ ይሞቃል፣ ርጥበቱ ይተናል፣ ጣዕሙም ወደ ቆሎ ይጠጋል። ሕማማት የሚውለው በመጋቢትና በሚያዝያ፣ በጋው በሚሞቅበት ጊዜ ነውና «ለሦስት ቀን ይበቃል» ብላችሁ አንዴ አትቀቅሉ።

7. ጉልባኑን ረቡዕ ማታ

ጉልባን ከንፍሮ የሚለየው ባቄላው ተከክቶ፣ ስንዴው ተፈትጎ መግባቱ ነው። የጸሎተ ሐሙስ ምግብ ስለሆነ ለጎረቤትም ይቀመሳልና መጠኑን ጨመር አድርጉ፤ ኪሎ ክክና ኪሎ የተፈተገ ስንዴ በሉ። ልጣጭ ስለሌላቸው ክኩ ሁለት ሰዓት፣ ስንዴው ሦስት ሰዓት መዘፍዘፍ ይበቃቸዋል።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ስንዴው ይቀድማል። ክኩ የሚገባው ስንዴው ለስለስ ሲል ነው፤ አለዚያ ሟሙቶ ሾርባ ይሆንባችኋል። ክክ አረፋ ስለሚያወጣ ቶሎ ይገነፍላልና አረፋውን ግፈፉት፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጉት። ጉልባን የሚያምረው ስንዴው ፍሬ ፍሬ እያለ ክኩ ዳር ዳሩን ፈረስ ሲል፣ ማንኪያ ሲገባበት ሲያያዝ ነው። ከጨው በቀር ምንም አይጨመርበት። ሽንኩርትና ዘይት የሚጨምሩ ቤቶች አሉ፤ ለሌላ ጊዜ መልካም ነው፣ ለዚህ ቀን ግን እህሉ ብቻውን ቢቀመስ እመርጣለሁ።

ከማታው ጉልባን ለሚያከፍለው ሰው ጨው ሳይገባበት አንድ ሳህን ቀድማችሁ አውጡለት። ከሐሙስ ማታ በኋላ ውሃ የማይቀምስ ሰው ነውና ጥሙ እንዳይበረታበት ነው። ሐሙስ ሲመሽም ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን ቀስ በቀስ፣ ከእራት በፊትና በኋላ እንዲጠጣ አስታውሱት።

8. ዓርብ ማታና የትንሣኤ ሌሊት

ዓርብ የሰገደ ሰው ሲገባ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ጉሮሮው ደርቆ ነው። ደረቅ ቆሎ አታስቀድሙለት። መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቀጠን ያለ የበሶ ብጥብጥ፣ አረፍ ካለ በኋላ የታሸ በሶ ወይም ዳቦ ስጡት። ምድጃው በዚህ ዕለት አይነድም፤ ሁሉም ከሳምንት በፊት የተሰናዳ ነው።

ቅዳሜ የምትሠሩት አንድ ነገር ተልባው ነው። ለብ አድርጋችሁ ቁሉት፤ መፈንዳት ሲጀምር አውርዱ፤ ካረረ ይመርራል። ውቀጡና በጥሩ ወንፊት ንፉት። ሌሊት ከቅዳሴ ሲመለሱ ለአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ እየነሰነሳችሁ በጥብጡ፤ ዱቄቱ አንዴ ከተደፋበት ይጓጉላል። ለ10 ደቂቃ ሲቀመጥ ይልማል፣ ባዶ የሰነበተ አንጀትንም ያለዝባል። ዶሮው ከመቅረቡ በፊት ለሁሉም አንድ አንድ ብርጭቆ አዳርሱ፤ የመጀመሪያውን ለእናት ስጧት።